ፋብሪካው ሳይመሠረት የተቀጠሩት ሴት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ጋዜጣችሁን አልገዛም፤ እከራያለሁ። አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ጋዜጣ የሚያከራይ ልጅ አለ። ሻይ እስክጠጣ ይሰጠኛል፣ አንብቤ እመልስለታለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አልመለስኩለትም። ገዛሁት። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ፋብሪካ "የ50ኛ ዓመት የወርቅ ኢዮቤልዩ" ብሎ ሙሉ ገጽ በቀለም አሳትሞ አየሁና ሻዬ ሳልነካው ቀዘቀዘ።

የፋብሪካውን ስም አልጠራም። እዚያ የሚሠሩ ልጆች አሉ፣ እንጀራቸው ነው። እናንተ ደግሞ ስሙን ታውቁታላችሁ፤ የማስታወቂያውን ገንዘብ የተቀበላችሁት እናንተ ናችሁ።

ገጹን ያላየ አንባቢ ካለ ልንገረው። ከላይ የሥራ አስኪያጁ ፎቶ። ከሥሩ የቀድሞ ሥራ አስኪያጆች፣ ልክ ለፓስፖርት እንደሚነሱት ኮስተር ብለው ተደርድረዋል። ከዚያ "ፋብሪካችን በ1964 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ ፈታኝ ጊዜያትን አልፎ፣ ዛሬ ላለበት ደረጃ ደርሷል" የሚል ጽሑፍ። ከዚያ ኬክ። አለቀ። ሃምሳ ዓመት ማለት ይቺው ናት።

እኔ ከ1979 እስከ 2009 ዓ.ም. እዚያው መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። መዝገብ ቤት ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ አለቃ የተቀየመው ሰው የሚጣልበት ክፍል ነው። መስኮት የለውም፣ ወይም መስኮቱ ሽንት ቤቱን ነው የሚያየው። እኔም የገባሁት በቅያሜ ነው፣ ታሪኩ ረጅም ነው፣ ይቅር። ግን አንዴ ከገባሁ በኋላ ውጪ ቢሉኝም አልወጣሁም። ዶሴ ማንበብ ሱስ ሆነብኝ። እና ስለዚህ ፋብሪካ ከዚያ ኬክ ዙሪያ ከቆሙት ሰዎች ሁሉ የተሻለ አውቃለሁ ብል ጉራ አይሁንብኝ።

በመጀመሪያ ቀኑ። ፋብሪካው በ1964 ዓ.ም. አልተመሠረተም።

ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረም አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ደብዳቤውን አውቀዋለሁ። ለማሽን ተከላ የተጻፈ የመጀመሪያው ደብዳቤ ቅጂ ነው። ከላይ ቀኑ "12/3/64" ይላል። ለበዓሉ መጽሔት እንዲያዘጋጅ የተቀጠረው የሕዝብ ግንኙነት ልጅ ይህን አይቶ "64" አለ፣ "1964" አለ፣ ከ2014 ላይ ቀነሰው፣ ልክ 50 መጣለት። ደስ አለው። ማንም ደስ ይለዋል። ግን ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። የጻፈው ጣሊያናዊ ሒሳብ ሹም ነው። ጣሊያናዊው ሒሳብ ሹም ኅዳር 12 ብሎ አይቆጥርም። እሱ የጻፈው በፈረንጆቹ ማርች 12 ቀን 1964 ነው፤ በእኛ መጋቢት 3 ቀን 1956 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ሃምሳ ሳይሆን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ስምንት ዓመት በአንድ እዝባር ተዋጠ።

በእኛ አገር መዝገብ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው፦ ይህ ቀን የማን ነው? የውጭ ሰዎች በነበሩባቸው ድርጅቶች አንድ ዶሴ ውስጥ ሁለት ካሌንደር ተጋብተው ይኖራሉ። ሥራ አስኪያጁ በራሱ ይጽፋል፣ የአማርኛው ታይፒስት በእኛ ትጽፋለች፣ ሁለቱም "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." ብለው አይለፉም፤ ለምን ይለፉ፣ እነሱ መቼ እንደሆነ ያውቁታል። ግራ የሚገባው ለእኛ ነው።

ለልጁ ደወልኩለት። ጨዋ ልጅ ነው። "እናቴ፣ ልክ ነዎት" አለኝ፣ "ግን ታትሟል፣ ኬኩም ተቆርሷል።" ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ፣ "እንዲያውስ 58 ማን ያከብራል?" አለ። ሳቅኩ። ምን ልበለው።

ነገሩ ግን አያስቅም። ስምንት ዓመት ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አላበላሽም ነበር። ከእነዚያ ስምንት ዓመታት ጋር ሰዎች ነው የወጡት። ለምሳሌ ማሸጊያ ክፍል ይሠሩ የነበሩ አንዲት ሴት አሉ፣ እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው። የተቀጠሩት የካቲት 1958 ነው። በእናንተ ገጽ ሂሳብ ፋብሪካው ከመመሥረቱ ስድስት ዓመት በፊት ተቀጥረዋል ማለት ነው። እና ምን ሲያሽጉ ነበር?

የእትዬን ነገር በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ወረቀትን ስለማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

የድሮ የደመወዝ መክፈያ መዝገብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትልቅ ነው፣ ጠረጴዛ ይሞላል። ስም፣ የሥራ ክፍል፣ የቀን ሂሳብ፣ ተቀናሽ፣ የተጣራ፣ መጨረሻ ላይ ፊርማ። የማሸጊያ ክፍል ገጾች ላይ የፊርማው ረድፍ ከላይ እስከ ታች ሐምራዊ የጣት አሻራ ነው። ወሩ ይለወጣል፣ ዓመቱ ይለወጣል፣ አሻራው አሻራ ነው። የእትዬም እንዲሁ። 1958፣ አሻራ። 1963፣ አሻራ። 1970፣ አሻራ። ከዚያ በ1972 አጋማሽ ላይ በድንገት ፊርማ ይመጣል። ፊርማ ስላችሁ፣ አራት ፊደል ነው። ፊደሎቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዱ ከመስመር በላይ ሌላው ከመስመር በታች። ብዕሩ ወረቀቱን ቀዶታል ማለት ይቻላል።

እኔ ይህን ገጽ ሳገኝ አለቀስኩ። እውነቴን ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የተጀመረው ሐምሌ 1971 ነው። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው ፊደል ይቆጠር ነበር፤ ዩኔስኮ የሸለመን ያኔ ነው፣ በፈረንጆቹ 1980። እና ይኸው፣ አልኩ፣ ዘመቻው በአንዲት ሴት ጣት ላይ! ከአሻራ ወደ ፊርማ! ለስንት ሰው አወራሁት መሰላችሁ። በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ሁሉ ተናግሬዋለሁ። ሰው አጨበጨበልኝ።

እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ቀን ቤታቸው ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። መዝገቡን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ይዤላቸው ነበር፣ ደስ እንዲላቸው። አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አዩት፣ ወረቀቱን ገልብጠው ሁሉ አዩት። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ።

"አንቺ፣ እኔ መቼ ፊደል ቆጠርኩ?"

"ይኸው ፊርማዎ!"

"እሱን ያስተማረኝ ገንዘብ ያዡ ነው። ቀለሙ ከጣቴ አልለቅ እያለ፣ በደመወዝ ቀን እንጀራ ስጋግር ሊጡ ሐምራዊ ይሆንብኝ ነበር። አስተምረኝ አልኩት። እንደ ጥልፍ ነው ያጠናሁት። ስሜን ልጽፍ እችላለሁ፣ ማንበብ ግን እስከ ዛሬ አልችልም።"

ዘመቻው ላይ ሄደው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሄደው ነበር፤ ሁለት ቀን ተቀምጠው ልጅ ታመመባቸውና ቀሩ። በቃ።

ወረቀቱ አልዋሸም። ፊርማው አለ፣ ቀኑም ትክክል ነው፣ ዘመቻውም ያኔ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት እውነት አገኘሁና በመሃል ድልድይ ሠራሁላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመዝገብ ያገኘሁትን ነገር በሕይወት ያለ ባለቤቱን ሳልጠይቅ አላወራም። ደግሞ ባለቤቱን ብቻ ጠይቄም አላምንም፤ እትዬ ራሳቸው የተቀጠሩት "ንጉሡ መጥተው የጎበኙን ዓመት" ነው ይሉ ነበር፣ ጉብኝቱ ግን ዶሴው ላይ በሌላ ዓመት ነው ያለው። ሰው ወረቀቱን ያርመዋል፣ ወረቀቱም ሰውን ያርመዋል። ይሄ ነው ሥራው። እና ይሄ ሥራ በሦስት ሳምንት ጨረታ ለማስታወቂያ ድርጅት የሚሰጥ አይደለም።

አሁን ወደ ሚያናድደው ልምጣ።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ዓመት የፋብሪካው ዘበኛ ደወለልኝ። "እናቴ፣ መዝገብ ቤቱን እየጫኑት ነው፣ ቶሎ ይምጡ" አለኝ። በባጃጅ በረርኩ። ደረስኩ። ክፍሉ ለካፍቴሪያ ተፈልጎ ወረቀቱ ለቁራሌ ተሽጧል። ልጆቹ ሚዛን አምጥተው ግቢው ውስጥ ይመዝናሉ። ሠላሳ ዓመት በቁጥር በቁጥር ያስቀመጥኩት ዶሴ በጆንያ ተጠቅጥቆ መኪና ላይ ይወጣል። ጮህኩ፣ ማን ይሰማኛል። ወረቀቱ ከግቢ ይውጣ የሚል ደብዳቤ ነበር፣ ተፈርሟል፣ ማህተም አለው። ንብረት ክፍሉም "እናቴ፣ ወረቀት እኮ ነው" አለኝ።

ቁራሌዎቹ ግን አንድ ነገር እየለዩ መሬት ይጥሉ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ስሱ ወረቀት ነው፣ የካርቦን ቅጂው። ለምን ትጥሉታላችሁ አልኳቸው። አንዱ "ይሄ ለባለሱቅ አይሆንም፣ ስስ ነው፣ ደግሞ ስኳር ሲጠቀለልበት ቀለሙ ያቆሽሻል" አለኝ። ወፍራሙን፣ ነጩን፣ ማህተም ያለበትን ወሰዱት። ስሱን ተዉት። እኔና ዘበኛው ካርቶን ፈልገን ሰበሰብነው። አራት የደመወዝ መዝገብ ደግሞ ከሚዛን ላይ አስወርጄ በኪሎ ገዛሁ። ደረሰኝ አልሰጡኝም፣ ግን ገዝቻለሁ፤ ነገ ሰረቀች የሚል ካለ ዘበኛው ምስክሬ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። በመሥሪያ ቤት አሠራር ዋናው ደብዳቤ ለተጻፈለት ይሄዳል፣ የካርቦኑ ቅጂ እኛ ጋ ይቀራል። ወደ እኛ የመጣው ዋና ደብዳቤ ደግሞ በወፍራም ወረቀት፣ ከነማህተሙ እኛ ጋ ይቀመጣል። ቁራሌው ወፍራሙን ሲወስድ የወሰደው የመጣልንን ሁሉ ነው። የቀረው የእኛ መልስ ነው። የሠራተኛው አቤቱታ የለም፣ "አቤቱታዎን ተመልክተን ያልተቀበልነው መሆኑን" የሚለው ግን አለ። የመንደሩ ሰው ስለ ጭሱ የጻፈው የለም፣ "ጭሱ ጉዳት የሌለው ስለመሆኑ" የሚለው ግን አለ። ዛሬ ያን ካርቶን ከፍቶ የፋብሪካውን ታሪክ ልጻፍ የሚል ሰው አንድ ወገን ብቻ ስልክ ሲያወራ እንደሚሰማ ሰው ነው። ሌላኛው ወገን ምን እያለ እንደሆነ ከመልሱ መገመት አለበት።

የሚገርመው ግን ይቻላል። አማርኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ረጅምና አሰልቺ ነው ብለን እንቀልዳለን። ያ ረጅምነቱ ነው ያዳነን። መልስ ከመስጠቱ በፊት የተጻፈለትን ይደግማል፦ "በቁጥር ይህን ያህል፣ በዚህ ቀን በጻፉልን ደብዳቤ፣ የልብስና የሳሙና አበል ለስምንት ወር አልተከፈለንም በማለት ያመለከቱ መሆኑ ይታወሳል።" ይታወሳል! አቤቱታው ስኳር ተጠቅልሎበት ቢቀርም ፍሬ ነገሩ መልሱ ውስጥ ተቀምጧል። ከግርጌ ደግሞ "ግልባጭ" ይላል፦ ለሠራተኛ ማኅበሩ፣ ለአውራጃ አስተዳደሩ። እኛ ጋ የጠፋው ወረቀት መንታው የት ሊኖር እንደሚችል የሚነግር አድራሻ ነው። ለሚወጣው ደብዳቤ በተራ የሚሰጠው የወጪ ቁጥርም ይናገራል። ከ143 ቀጥሎ 151 ከመጣ በመሃል ሰባት ደብዳቤ ጠፍቷል፤ ማን አወጣቸው፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ነው።

ካርቦን ቅጂ ራስጌ የለውም፣ ብዙ ጊዜ ፊርማና ማህተምም የለውም፤ ቀኑ የደበዘዘ ከሆነ ዘመኑን በአነጋገሩ ነው የምትለዩት። "ለክቡር" ብሎ ጀምሮ ሦስት መስመር እጅ የሚነሳ ከሆነ የንጉሡ ጊዜ ነው። "ለጓድ" ብሎ ጀምሮ "ኢትዮጵያ ትቅደም" ብሎ የሚጨርስ ከሆነ ደርግ ነው። አድራሻውም እንደዚሁ። አዳማ ብሎ የሚፈልግ ወጣት ምንም አያገኝም፤ የድሮው ዶሴ ላይ ከተማችን ናዝሬት ናት፣ አውራጃውም ይረርና ከረዩ ነው። ይረርና ከረዩ የሚል ካርቶን አይቶ "ይሄ የሌላ አገር ነው" ብሎ የጣለ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ከጎረቤት ምሳሌ ልስጥ። ወንጂን ሁላችንም እናውቃለን፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። የስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር ባለቤቱ ኤች.ቪ.ኤ. የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ነበር፤ ከኢንዶኔዥያ የተነቀለ። የዚያ ኩባንያ መዛግብት ዛሬ ዘ ሄግ፣ በኔዘርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። ቁራሌ አልደረሰባቸውም። አያስቀናም? ያስቀናል። ግን ቢያስቀናም የኩባንያው ወረቀት የኩባንያው አፍ ነው። የወንጂን ታሪክ ከእሱ ብቻ የሚጽፍ ሰው ስለ ሄክታርና ስለ ቶን ይጽፋል። ወንጂ ያደገ ሰው ፈገግ ሲል ግን ሌላ መዝገብ ታያላችሁ፤ የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ በዝቶበት ጥርስ አበለዘ፣ ለብዙ ዓመት የጠጡት ላይ አጥንት ድረስ ገባ። ይሄን ሐኪሞች አጥንተውታል፣ እኛም ጎረቤቶቻችንን አይተናል። የሸንኮራውን ታሪክ ለመጻፍ ሁለቱም ያስፈልጋል፣ ዘ ሄግ ያለው ዶሴም አዳማ ያለው ጥርስም።

የእኛም ፋብሪካ እንደ ወንጂ በደርግ ተወርሷል። እናንተ ገጽ ላይ "ፈታኝ ጊዜያት" የተባለው ይህም ውስጡ ነው። ሲወረስ የተደረገው የንብረት ቆጠራ ሰነድ እኔ በሠራሁበት ጊዜ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ነበር፣ ዘጠኝ ገጽ። ኮሚቴው ምንም አላስቀረም። ስንት ሞተር፣ ስንት ጆንያ፣ ስንት ወንበር፣ "ከእነዚህ ውስጥ 3 እግራቸው የተሰበረ"፣ "የግድግዳ ሰዓት 1፣ የማይሠራ"። ያን ሳነብ በሩን ከፍቼ የገባሁ ያህል ነበር። አንድ ጥሩ ጽሑፍ አዘጋጅ ቢኖር በዘጠኙ ገጽ ብቻ አንባቢን እጁን ይዞ ፋብሪካውን ያዞረው ነበር። አሁን የለም። አገሪቱ ውስጥ ድርጅቶች የተወረሱበት አዋጅ ቁጥር 26/1967 በነጋሪት ጋዜጣ ታትሟልና አዋጁን እዚያ ማግኘት ይቻላል፣ የተሰበሩትን ወንበሮች ግን አይቻልም።

ሌላም ነገር አለ፣ አጠር አድርጌ ልለፈው። በኪሎ ከገዛኋቸው መዝገቦች አንዱ የ1970 ነው። መጋቢት ላይ ያሉ ሁለት ስሞች ሚያዝያ ላይ የሉም። ሰው ሲለቅ "ምክንያት" የሚል ሳጥን አለ፦ ጡረታ፣ ሞት፣ በፈቃዱ፣ በዲሲፕሊን። የሁለቱ ሳጥን ባዶ ነው። ጸሐፊው ቀለሙን ነክሮ ሳጥኑ ላይ አንድ ነጥብ አሳርፏል፣ ሊጽፍ ጀምሮ የተወ ይመስላል። ዓመቱን የሚያውቅ ሰው ያን ነጥብ ያነበዋል። እኔ ግን ከእትዬ ስለተማርኩ ምን እንደሆነ አልናገርም። ቤተሰቦቻቸው አዳማ ውስጥ ካሉ መዝገቡን መጥተው ማየት ይችላሉ።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ በበዓል መጽሔት ላይ ይውጣ ወይ?" የሚል ይኖራል። ለምን አይወጣም? ሁሉም ባይሆን ጥቂቱ። እዚህ ሰፈራችን እድር አለ፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ዓመት ታሪካችን ይጻፍ ተባለ። ገንዘብ የለንም፣ የማስታወቂያ ድርጅት የለም፣ ያለን ሁለት የቃለ ጉባኤ ደብተር ነው። አንዱ ጠርዙን አይጥ በልቶታል። ከመጻፋችን በፊት የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ በወር ስብሰባ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ወዲያው ጭቅጭቅ ተነሣ። አንዱ "አባቴ መሥራች ነው፣ ስሙ የታለ?" አለ። ሌላው "አባትህ የመጣው ድንኳኑ ከተገዛ በኋላ ነው" አለው። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ሁለቱም ትክክል መሆናቸውን አስረዱ፤ ለካስ ሁለት እድሮች ነበሩ፣ በኋላ ነው የተዋሐዱት፣ የሁለተኛው ደብተር ጠፍቷል። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር የቀረው፣ እሳቸው። ታሪካችን ላይ "የሁለተኛው እድር ደብተር ስላልተገኘ በአቶ እገሌ ቃል ተጽፏል" ብለን አስቀመጥነው። ማንም አላፈረም። እድር ያደረገውን ፋብሪካ አቃተው?

እና ለእናንተ ለጋዜጠኞቹ ያለኝ ነገር። ማስታወቂያ መሆኑ ይገባኛል። ወረቀት ተወዷል፣ ማተሚያ ቤት ይከፈላል። ግን ገጹ ላይ "ማስታወቂያ" የሚለውን ቃል በማጉያ መነጽር ነው ያገኘሁት፣ ከኬኩ ሥር። የቀረው ዜና ነው የሚመስለው። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ገብቶ የድሮ ጋዜጣ ሲያገላብጥ ይህን ገጽ ያገኘዋል። ጋዜጣ ነው ብሎ ያምነዋል። 1964 ብሎ ይጽፋል። እኔ ያኔ የለሁም፣ ካርቶኑም የለም፣ እናንተ ግን ተጠርዛችሁ መደርደሪያ ላይ አላችሁ። እናንተም መዝገብ ናችሁ እኮ፣ ሳታስቡት።

የኢዮቤልዩ ገጽ ይዞ ለሚመጣ ድርጅት አንድ ጥያቄ ብትጠይቁት ምን ይከብዳችኋል? "ይህን ዓመት ከየት አገኘኸው? ወረቀቱን አሳየኝ" ማለት ነው፤ ሌላ ምንም። ግማሾቹ ወረቀት ፍለጋ ይሄዱና መዝገብ ቤቱ ካፍቴሪያ መሆኑን ያን ቀን ያውቃሉ። ግማሾቹ ደግሞ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ አንዲት የተቀየመች ሴት ተቀምጣ ያገኛሉ፣ እሷ ትነግራቸዋለች።

የምለምናችሁ አንድ እርማት ነው። ባለፈው ሳምንት ገጻችሁ ላይ "በ1964 ዓ.ም. ተመሥርቶ" የሚለው "በ1956 ዓ.ም." ተብሎ ይታረም። የደብዳቤውን ፎቶ ኮፒና የ1958ቱን የደመወዝ መዝገብ አንድ ገጽ አያይዤ ልኬያለሁ፤ ከላይ አራተኛው መስመር፣ ሐምራዊው አሻራ የእትዬ ነው። እርማቱ በወጣበት ቀን ጋዜጣውን አልከራይም፣ ሁለት እገዛለሁ። አንዱን ለእሳቸው እወስድላቸዋለሁ፣ የልጅ ልጃቸው ታነብላቸዋለች።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከአዳማ